ስለ ጠባብ ሣጥንና ስለ ምርጫ

ሰው በእውነት መምረጥ የሚጀምረው ቦታ ሲጠበው ነው። ጐተራው ሰፊ የሆነለት ገበሬ ስንዴውንም ገብሱንም ባቄላውንም ያስገባል፤ ከነዚህ ማናቸው ይበልጥብኛል ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ነገር ግን ያው ገበሬ ሩቅ አገር ሊሄድ ተነሥቶ ስንቁን ባንዲት አቅማዳ መያዝ ግድ የሆነበት እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያስባል፤ በሶውን ሲጨምር ቆሎውን ይቀንሳል፥ ቆሎውን ሲጨምር ልብሱ አልገባ ይለዋል። አቅማዳው ተፈትቶ ያየ ሰውም፥ መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ፥ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚፈራ ሳይጠይቅ ያውቃል።

ይህን ማንሣቴ በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ስለ ተለመደ አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተርን ክፍሎች አንድ ባንድ እየመረጡ ገዝቶ፥ በትንሽ ሣጥን ውስጥ በገዛ እጅ ገጣጥሞ፥ ጨዋታ ለመጫወትና አኒሜሽን ለመሥራት ማዘጋጀት ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ይህ ምን የግብረ ገብ ነገር አለበት፥ የሱቅ ወሬ አይደለም ወይ ይል ይሆናል። እኔ ግን ወጣት ብዙ ገንዘብ፥ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ላብ የሆነውን ገንዘብ በእጁ ይዞ፥ ከገዛ ምኞቱ ጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኝበት ቦታ ይኸው ይመስለኛል። ስለ ትልልቁ ፈተና ብዙ ተጽፏል፤ ሰውን ቀስ ብሎ የሚሠራው ግን እንደዚህ ያለው ትንሹ ፈተና ነው።

አስቀድመን የሣጥኑን ነገር እንረዳ። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1995 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጣው ልክ የሚሠራው ትልቁ ማዘርቦርድ፥ ማለት የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሠሌዳ፥ ቁመቱ 305 ሚሊሜትር፥ ወርዱ 244 ሚሊሜትር ነው። በ2001 ደግሞ ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለውን ትንሹን ልክ አወጣ፤ ይህ በየወገኑ 170 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትልቁ ሠሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ለራም አራት ማስገቢያ፥ ለካርድም ከአንድ በላይ ማስገቢያ ሲኖረው፥ ትንሹ ለራም ሁለት፥ ለግራፊክስ ካርድ አንድ ብቻ አለው። ሣጥኑም እንዲሁ ነው፤ የተለመደው ትልቅ ሣጥን ከ40 ሊትር በላይ ሲይዝ ትንሹ ከ20 ሊትር በታች ነው፤ አንዳንዱማ ወደ 10 ሊትር ይጠጋል፥ ይህም ውሃ የምንቀዳበት የባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ግማሽ ማለት ነው።

ወጣቱ ትንሹን የሚመርጥበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በጎ ነው። የሚኖረው ከወንድሞቹ ጋራ ባንድ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛውም የሁሉም ነው። ወይም የኪራይ ቤት ስለሚቀያይር ዕቃውን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ መሄድ አለበት፤ ወይም ደግሞ ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚያመጣለት ስለ ሆነ ትልቁ ሣጥን አይሆንለትም። ውበቱን ብቻ ወዶ የሚመርጠውም አለ፤ ይህም ነውር የለበትም። ዳሩ ግን ትንሹን ሣጥን የመረጠ ሁሉ ሁሉንም ላግኝ ማለትን ትቷል። ይህን መተዉን ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ካርዱን በቅናሽ አግኝቶ አስቀድሞ የሚገዛ፥ ሣጥኑን ግን በኋላ የሚፈልግ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ወዲያ ካርዱ በሦስት ሚሊሜትር በልጦ አልገባ ይለዋል፤ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣም ከፍታው ክዳኑን እየገፋ አልዘጋ ይለዋል። ሦስት ሚሊሜትር ልመና አይሰማም። ሰውን በይሉኝታ ማሸነፍ ይቻላል፤ ብረትን ግን አይቻልም፤ እኔም ይህን ሥራ ለወጣቶች የምወድላቸው አንዱ ስለዚህ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ የሚከብደው የሙቀቱ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚሆነው ሙቀት ነው። 450 ዋት የሚበላ ካርድ 450 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ይህም ባንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልክ ነው። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ 450 ዋት ይበላል፤ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ሲወጣ የተጠየቀበት ዋጋ 1,599 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለውን ካርድ በግማሽ ጀሪካን ውስጥ የከተተ ሰው፥ ኮምፒዩተሩ እንዳይቃጠል ራሱን እያዘገመ ሲሠራ ያየዋል፤ የከፈለበትንም ፍጥነት ሳያገኝ ይቀራል። ለኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ስለ ሆነች፥ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም በፋን ሲነፍስ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የከተማይቱ አየር ቀዝቃዛ ነውና በአንድ በኩል የወሰደብንን በሌላው ይመልስልናል።

ፋኑ ሲበረታ ይጮኻል። ይህን ጉዳይ የዕቃ ዝርዝር የሚጽፉ ሰዎች በመጨረሻ ያነሡታል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ባነሡት እወዳለሁ። አኒሜሽን የሚሠራ ሰው ሥዕሉን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ኮምፒዩተሩን ለሥራ አቁሞ ይተኛል። በዚያው ክፍል ግን ነገ ፈተና ያለባት ታናሽ እኅቱ ተኝታለች። ዋት ቀንሶ ጥቂት ዘገምተኛ ካርድ የመረጠ ወጣት፥ ከሥዕሉ ጥቂት ደቂቃ ቀንሶ ለእኅቱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሰጣት ማለት ነው። ይህ በየትኛውም የፍጥነት መለኪያ ላይ ተጽፎ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሁለት ጌቶች ሊገዙ ይፈልጋሉ፤ አንዱ ጨዋታ ነው፥ ሁለተኛው አኒሜሽን ነው። ሁለቱም ሥዕል ይጠይቃሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ጨዋታ አሁን፥ በዚህች ቅጽበት ይላል። በሰኮንድ 60 ሥዕል እንዲያሳይ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ላንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከ17 ሚሊሰኮንድ ያነሰ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሥዕል ዋጋ የለውም፤ ጌታው ወዲያው ይረሳዋል። አኒሜሽን ግን ታጋሽ ነው። ፊልም በሰኮንድ 24 ሥዕል ነውና አንድ ደቂቃ 1,440 ሥዕል ይሆናል፤ አንዱ ሥዕል አምስት ደቂቃ የፈጀ እንደ ሆነ ያቺ አንዲት ደቂቃ 120 ሰዓት፥ ማለት አምስት ቀንና ሌሊት ትወስዳለች። በ1995 ፒክሳር የተባለው ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ»ን ሲያወጣ፥ ይህም ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፥ 117 ኮምፒዩተሮች ሌት ተቀን ሠርተውለታል፤ ካንዱ ሥዕል ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ 30 ሰዓት የፈጀ ነበረበት። ታጋሽ ነው ማለቴ ግን ትንሽ ይበቃዋል ማለቴ አይደለም። አኒሜሽን የሚጠይቀው ማኅደር ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ዛፍ፥ ጠጕር፥ ልብስ፥ ብርሃን ሁሉ በግራፊክስ ካርዱ ማኅደር ውስጥ መግባት አለበት። ጨዋታ ማኅደር ሲጐድለው የሩቁን ግድግዳ አደብዝዞ ያልፋል፤ አኒሜሽን ግን እጅግ ይዘገያል፥ ወይም አልችልም ብሎ ይቆማል።

ስለዚህ ገበያው ራሱ ለሁለቱ ጌቶች ሁለት ዓይነት ዕቃ ያቀርባል። ምሳሌ ልስጥ። በ2023 ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ሁለት ፕሮሰሰር አውጥቷል፤ አንደኛው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ይባላል፤ ስምንት ኮር አለው፥ በጠቅላላው ለጨዋታ የሚረዳ 96 ሜጋባይት የቅርብ ማኅደር አለው፤ የተመደበለት ኀይል 120 ዋት ነው። ሁለተኛው ራይዘን 9 7900 ነው፤ ዐሥራ ሁለት ኮር አለው፤ የተመደበለት 65 ዋት ነው። በጨዋታ ፊተኛው ይቀድማል፤ ሥዕል በማውጣት ግን ኋለኛው ይቀድማል። በግራፊክስ ካርድም በኩል፥ ጨዋታን በደንብ የሚያስኬድ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ አለ፤ ከዚያው ወገን ደግሞ ባለ 16 ጊጋባይት የሆነው አለ፤ ይህ ለጨዋታ የሚጨምረው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለአኒሜሽን ሠሪ ግን ሥራውን በመጨረስና ባለመጨረስ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መካድ አይገባኝም፤ ሥዕሉን በግራፊክስ ካርድ የሚያወጣ ሰው የፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ያን ያህል አያሳስበውም፤ ገጸ ባሕርዩን በሚያንቀሳቅስበት ጊዜም የሚረዳው ያንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ስለዚህ የጨዋታው ፕሮሰሰር ለሥራ አይረባም የሚል ሰው ይሳሳታል። ልዩነቱ ቀጭን ነው፤ ቀጭን በመሆኑም ለማታለል የሚመች ነው።

አንድ ወጣት እናስብ። ታላቅ እኅቱ ዱባይ ውስጥ በሆቴል ጽዳት ትሠራለች። እርሱ ሥዕል ይወዳል፥ አኒሜሽንም መማር ጀምሯል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋራ ጨዋታ ይጫወታል። እኅቱን በስልክ አግኝቶ «እትዬ፥ ለሥራ የሚሆን ኮምፒዩተር ያስፈልገኛል፤ ክፍሎቹ እዚያ ይገኛሉ፥ ስትመጪ በሻንጣሽ ይዘሽልኝ ነይ» ይላታል። እርስዋም «ለሥራህ ከሆነማ ምን ገዶኝ፥ ዝርዝሩን ላክልኝ» ትለዋለች። ስለ ፕሮሰሰር የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው ወንድምዋን ነው። እርሱም ዝርዝሩን ይጽፋል፤ በጨዋታ ስም ያወጣውን ፕሮሰሰር፥ ፈጣን የሆነውን ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ፥ በሰኮንድ 240 ሥዕል የሚያሳይ ስክሪን፥ በልዩ ልዩ ቀለም የሚበሩ ፋኖች። ለራም 16 ጊጋባይት ብቻ ይመድባል፤ ገንዘቡ ወደ ስክሪኑ ሄዷልና።

ይህ ወጣት ዋሽቷል ወይ? ቃሉን አንድ ባንድ ብንመረምረው ውሸት አናገኝበትም። ኮምፒዩተሩ አኒሜሽን ይሠራል ወይ ብንለው ይሠራል። ሥራ ይፈልጋል ወይ ብንለው ይፈልጋል። ታዲያ ነገሩ የት ላይ ነው? ነገሩ ያለው እኅቲቱ ገንዘቡን የሰጠችው ለሥራ ለሚለው ቃል ሆኖ ሳለ፥ ዝርዝሩ ሲጻፍ ያ ቃል በክፍሉ ውስጥ ያልነበረ በመሆኑ ነው። በየመሥመሩ ላይ ሁለቱ ጌቶች ሲከራከሩ፥ በየመሥመሩ ላይ አንዱ ብቻ ረትቷል። በሰፊ ሣጥንና በሰፊ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር፤ ሁለቱንም አስገብቶ ያልፍ ነበር። ጠባቡ ሣጥን ግን መስክሮበታል።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላም ቦታ ይታያል። በ2022 መስከረም ወር ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፥ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ጐረፉ። ሻጩ «ካርዱ ይሠራል» ሲል እውነቱን ነው፤ ፋኑ ስንት ሺህ ሰዓት እንደ ዞረ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ስለ እንዲህ ያለው ሻጭ ሲወራ ወጣቶቻችን አጥብቀው ይቆጣሉ። ለእኅቱ ዝርዝር የላከውም ወጣት አብሮ ይቆጣል።

ጨዋታን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ገበጣ ሳይጫወትና በገና ሜዳ ላይ ሳይሮጥ ያደገ ሰው የጐደለበት ነገር አለ። የዛሬውም የኮምፒዩተር ጨዋታ ቢሆን ሰዎች ተሰብስበው ብዙ ዓመት የደከሙበት ጥበብ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚራመድ፥ ውሃ እንዴት እንደሚፈስ ከዚያ አይቶ የተማረ አኒሜሽን ሠሪ ሞልቷል። ሰው ከደከመ በኋላ መጫወት ቢያምረው ይህ የተፈጥሮው ነው። የወቀስሁት መጫወቱን አይደለም፤ ጨዋታው በራሱ ስም ሳይጠራ በሥራ ስም መግባቱን ነው። «እትዬ፥ ማታ ማታም ልጫወትበት እፈልጋለሁ» ቢላት ምን ይጐድልበት ነበር? ምናልባት ትስቅ ነበር። ምናልባት ግን ገንዘቡ ይቀንስ ነበር፤ ቃሉን የዋጠውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ወጣት ደግሞ አለ፤ ይህ ጨዋታ አይጫወትም። የሚፈልገው ሁሉ ለሥራ ነው፤ ባለ ዐሥራ ስድስት ኮር ፕሮሰሰር፥ ባለ 24 ጊጋባይት ካርድ፥ ብዙ ራም። ሲያስተውሉት ግን ይህ ሁሉ የተዘጋጀው ገና ላልተጀመረ ፊልም ነው። ዕቃ መምረጥ ራሱ ሥራ የመጀመርን ደስታ ይሰጣል፤ ዝርዝሩን ሲያሻሽል፥ ዋጋ ሲያነጻጽር፥ የሰው አስተያየት ሲያነብ ስድስት ወር ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ በመጣ ጊዜም ደስታው ያልቅና ስለ ሚቀጥለው ዓመት ካርድ ማንበብ ይጀምራል። እውነቱን ለመናገር ከፊተኛው ይልቅ ይህኛው ያሳስበኛል፤ የፊተኛው ቢያንስ ይጫወትበታል። ይህኛው ግን የገዛው ሊሆነው የሚመኘውን ሰው ልብስ ነው፤ ሰውዬውን ራሱን በገበያ አላገኘውም።

በዚህ ላይ ከላትቪያ የመጣ አንድ ነገር ልናገር። ጊንትስ ዚልባሎዲስ የተባለው ሰው በ2019 «አዌይ» የተባለውን ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ብቻውን ሠርቶ አወጣ። በ2024 የወጣው «ፍሎው» የተባለው ፊልሙ ደግሞ በላትቪያ፥ በፈረንሳይና በቤልጅግ ሰዎች ትብብር ተሠርቶ፥ በ2025 በአኒሜሽን ፊልም ክፍል የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ይህ ፊልም የተሠራው ብሌንደር በተባለው፥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በሚያገኘው ፕሮግራም ነው። ሥዕሉ የወጣበትም ኢቪ የተባለው የብሌንደር ክፍል የብርሃንን ጨረር አንድ ባንድ እየተከተለ የሚቆይ ሳይሆን፥ ጨዋታዎች ሥዕል በሚያወጡበት በፈጣኑ መንገድ የሚሠራ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ጌቶች አይታረቁም ብለን እንዳንደመድም ይህ ፊልም ይከለክለናል። የታረቁት ግን ሠሪው የፈለገውን ሥዕል ዓይነት አስቀድሞ ስላወቀ ነው። ድመቲቱና ውሃው፥ በብሩሽ የተቀባ የሚመስለው ቀለም፥ አንዲት ቃል የማይነገርበት ታሪክ፥ ይህ ሁሉ ከመንገዱ ጋራ የተስማማ ነው። ሌላ ሰው በዚያው መንገድ የብርጭቆንና የወርቅን ነጸብራቅ በትክክል ላሳይ ቢል ይቸገር ነበር።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ልክ ሲያስተምር የትግል ሰው የሆነውን ሚሎንን በምሳሌ ያነሣል። ዐሥር ሚዛን ምግብ ቢበዛ፥ ሁለት ሚዛን ቢያንስ፥ አሠልጣኙ መካከሉ ስድስት ነው ብሎ ለሁሉ ስድስት አያዝም፤ ስድስቱ ለሚሎን ያንሰዋል፥ ትግል ለጀመረ ልጅ ግን ይበዛበታል። መካከለኛው ልክ በዕቃው ላይ የተጻፈ ሳይሆን ከሰውዬው ጋራ የሚለካ ነው ማለቱ ነው። የኮምፒዩተር ሻጮች ግን ሁልጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ይላሉ፤ ከማን ጋራ ሲለካ ነው የሚበልጠው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ሌላው ሰው የገዛውን አይቶ የሚገዛም እንዲሁ ነው፤ የሚሎንን ድርሻ ለመብላት ተቀምጧል።

ታዲያ ለዚያ ሥራውንም ጨዋታውንም ለሚወደው ወጣት ምን ይሻለዋል ተብዬ ብጠየቅ፥ ከሁለቱ ጌቶች የትኛው ቢቀርበት ይበልጥ እንደሚያዝን ራሱን ይጠይቅ እላለሁ። አኒሜሽኑ ነው ካለ፥ የ65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃዋል። ካርዱም 16 ጊጋባይት ያለውና ኀይል የማያበዛ ይሁንለት፤ በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ 165 ዋት፥ በ2025 የወጣው 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ 180 ዋት ነው። ጨዋታም በነዚህ ላይ ደኅና አድርጎ ይሄዳል፤ ፉክክር ላይ ባይቆም ነው እንጂ። ስክሪኑ በሰኮንድ 240 ሥዕል ከሚያሳይ ቀለሙን በትክክል የሚያሳይ ቢሆን ይሻላል።

የራሙ ነገር ግን ብዙ ያሳስባል። ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ቢሰካ ዛሬ 32 ጊጋባይት አገኘ፤ ነገ 64 ቢያስፈልገው ግን ባዶ ቦታ ስለሌለው ሁለቱንም ነቅሎ በርካሽ ይሸጣል። አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ብቻ ሰክቶ ሁለተኛውን ማስገቢያ ለነገ ቢተወው ደግሞ፥ ሁለቱ መንገድ ባንድነት ስለማይሠሩለት ዛሬ ፍጥነት ይጐድልበታል። ለነገ ቦታ መተው ዛሬን ያስከፍላል፤ ዛሬን መሙላትም ነገን ያስከፍላል። እኔ ገንዘብ እያጠራቀመ ለሚገዛ ሰው ባዶውን ማስገቢያ እመርጥለታለሁ፤ ሌላው ሰው ግን የተለየ ቢፈርድ አልከራከረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

ባንድ ነገር ግን እከራከራለሁ፤ በፓወር ሰፕላዩ። ለትንሽ ሣጥን የሚሆነው ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ወርዱ 125፥ ርዝመቱ 100፥ ውፍረቱ 63.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሥዕል አያወጣም፥ አይበራም፥ ለጓደኛ የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ከሱ ነው። እርሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ሌላውን ሁሉ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። የማይታየውን ክፍል በደኅና ዋጋ የገዛ ወጣት ስለ ሌላውም ነገር ሊታመን ይችላል ብዬ አስባለሁ። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር የሚኖር ከሆነ ዩፒኤስ ይጨምርበት፤ ፊልሙንም ባንድ ፋይል ከማውጣት ይልቅ ሥዕሎቹን አንድ ባንድ እያስቀመጠ ያውጣ፤ መብራት በአራተኛው ቀን ቢጠፋ የጠፋው አንድ ሥዕል ብቻ ይሆናል፥ ሥራውም ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ዘዴ ለመጠቀም አንድ ሳንቲም አያስፈልግም።

የቀረው የስልኩ ጉዳይ ነው። ወጣቱ ዝርዝሩን እንደገና ጽፎ «እትዬ፥ ግማሹ ለሥራ ግማሹ ለጨዋታ ነው፤ ዋጋውም ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ የሚያንስም አለ» ብሎ ይደውል እንበል። እርስዋ ያን ጊዜ ምን እንደምትል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በ2024 ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እርስዋ የምትልከው ገንዘብ ለእናትዋ ቤት የሚበቃው ብር ሆኗል፤ ያንኑ ድርሃም ለወንድምዋ ካርድ ብታውለው ምን እንደሚቀር ከርሱ ይልቅ እርስዋ ታውቃለች። ምናልባት «ዘንድሮ አይሆንልኝም፥ ትንሽ ታገሠኝ» ትለው ይሆናል። እውነቱን የሰማ ሰው እንዲህ የማለት መብት አለው፤ በፊተኛው ዝርዝር ይህን መብትዋን ወስዶባት ነበር። እስከዚያው ብሌንደር 8 ጊጋባይት ራም ባለው የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይም ይከፈታል። የአኒሜሽን ተማሪ በመጀመሪያ የሚሠራው ኳስ ማንጠር ነው፤ ኳሷ መሬት ስትነካ ጠፍጠፍ፥ ስትነሣ ረዘም እንድትል፥ ክብደትዋም ለተመልካቹ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ለዚህ ትልቅ ካርድ አያስፈልግም፤ ብዙ ሌሊት ግን ይፈጃል።